ቮልዩም የሌላት ማጉያዬ

የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥቶ ሲመለስ ሲጠቀምበት የኖረውን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ትቶልኝ ሄደ። ለስቱዲዮ ሥራ የተሠራ፣ ጆሮን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን ነው፤ በደብረ ብርሃን ሌሊት እንደ ቆብም ያገለግላል። ችግሩ ድምፁ ነበር። ስልኬ ላይ ሰክቼ እስከ መጨረሻው ብከፍተውም ዘፈኑ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ይመስላል። ጎኑ ላይ 250 ኦም ተብሎ ተጽፏል፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያ ነው። ከስልክ ጋር የሚመጡት ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። የእኔው እንደ እነሱ እንዲጮኽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ስልኬ ደግሞ ያን የሚያህል የለውም።

ስለዚህ ማጉያ ልሠራለት ተነሣሁ። መነሻዬ ቹ ሞይ የተባለ ሰው ያወጣው፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጀማሪ የሠራው ንድፍ ነው፤ በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥም ይገባል። እኔ ግን ሁለት ነገር ቀየርሁ። በአንድ ባትሪ ፋንታ ሁለት አደረግሁ። ሁለቱ ተከታትለው ሲያያዙ መካከላቸው ያለው መገናኛ ዜሮ ይሆናል፤ ከእሱ በላይ 9፣ ከእሱ በታችም 9 ቮልት ይገኛል። የአንዱን ባትሪ ኃይል በሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በሚገታ ትንሽ ዕቃ) ለሁለት ከመክፈል ይህ ይቀላል። በዚያ ላይ መብራት ቢጠፋም ሙዚቃው አይቋረጥም።

ሁለተኛው ለውጥ ቮልዩሙን መተው ነበር። ከአሮጌ ቴፕ የነቀልሁት ቮልዩም ሲዞር ይንሿሿል፤ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ግራው ከቀኙ ቀድሞ ይጠፋል። ስልኩ የራሱ መቀነሻ እያለው በአንድ መስመር ላይ ሁለተኛ ምን ይሠራል? ብዬ ከንድፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝሁት። በኋላ ያስለቀሰኝ ይህ ሰረዝ ነው።

ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ፣ አይሲው፣ 4558 ይባላል፤ እሱንም ከዚያው ቴፕ ነው ያወጣሁት። በአንዱ አካል ውስጥ ሁለት ማጉያ ስላለው አንዱን ለግራ፣ ሌላውን ለቀኝ ጆሮ መደብሁ። የጎደሉትን ሬዚስተሮችና መሰኪያዎች አዲስ አበባ የወረደ ጓደኛዬ ከመርካቶ አመጣልኝ። ብየዳው ሁለት ምሽት ፈጀ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጣቴን ከማቃጠል በቀር።

ትልቁን ማዳመጫ ወዲያው አልሰካሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና አንድ አሮጌ የስልክ ማዳመጫ ለመሥዋዕት አቀረብሁ። አበራሁት። “ጧ!” አለና ዝም አለ። ግራው ጆሮ እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። ቴስተር ተውሼ መውጫው ላይ ብለካ ማዳመጫ ሳይሰካበት፣ ሙዚቃ ሳይገባበት ከ7 ቮልት በላይ ቆሞበታል። ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት።

አይሲው ሞቷል ብዬ ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ወደሚጠግኑ ሽማግሌ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አውርደው ንድፌን አዩና ሰረዙ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

“ይሄ ምን ነበር?”

“ቮልዩም ነው ጋሼ። አያስፈልግም ብዬ ነው።”

“ታዲያ ይህች እግር ዜሮውን በምን ታገኘዋለች ልጄ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይሲው መግቢያ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ያም ወደ ዜሮው የሚያደርሰው መንገድ ያሻዋል። እኔ በያዝሁት የንድፉ ቅጂ ላይ ያ መንገድ ራሱ ቮልዩሙ ነበር። ድምፅ ከመቀነሱ ሌላ መግቢያውን ከዜሮው ጋር አስሮ ይይዘው ነበር። እኔ ደግሞ ከስልኩ በኩል ካፓሲተር አስገብቻለሁ፤ ካፓሲተር ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መግቢያው በየትም በኩል መሄጃ ሲያጣ መውጫው ወደ ባትሪው ጫፍ ሸሸ።

መድኃኒቱ ሁለት ሬዚስተር ነው፤ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም፣ ከመግቢያው ወደ ዜሮው። የመግቢያ ካፓሲተሬ 0.47 ማይክሮ ፋራድ ስለሆነ ሁለቱ ተጣምረው የሚያደክሙት ከ4 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 ኸርዝ በታች አይሰማም። መውጫው ወደ 30 ሚሊ ቮልት ወረደ።

ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ማጉላቱን ለሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮች ንድፉ ላይ እንዳለው 10 ኪሎ ኦምና 1 ኪሎ ኦም ስለተጠቀምሁ ድምፁ 11 እጥፍ ይጎላል። ቮልዩም ላለው ይህ ችግር አይደለም። እኔ ግን ስልኩን ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ አድርጌ እንኳ ይጮኽብኛል፤ ከሥሩም “ሽሽሽ” የሚል አለ። ባለ 1 ኪሎ ኦሙን በባለ 4.7 ኪሎ ኦም ቀየርሁት፤ ማጉላቱ ወደ 3 እጥፍ ወረደ፣ ሽሽታው ጠፋ፣ የመውጫው ትርፍ ቮልቴጅም ከ10 ሚሊ ቮልት በታች ሆነ። እንደ እኔ ቮልዩሙን የሚተው ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቁጥር ይምረጥ፤ መቆጣጠሪያው እሱ ነውና።

ማብሪያውም ላይ ተሳስቼ ነበር። አንዱን ባትሪ ብቻ የሚቆርጥ አድርጌ ሳጠፋው ሌላው ባትሪ ብቻውን ቀርቶ መውጫውን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ያ ደግሞ ማዳመጫ ይበላል። ባለ 6 እግር ማብሪያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ያም ሆኖ ሲበራና ሲጠፋ ትንሽ ስለሚደልቅ መጀመሪያ አበራለሁ፣ ከዚያ የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እሰካለሁ፤ ሳጠፋ አስቀድሜ እነቅላለሁ።

ቤቷ የወተት ዱቄት ጣሳ ናት። ጣሳውን ከዜሮው ጋር ካገናኘሁት ወዲህ ስልክ ሊደወል ሲል የሚሰማው “ትርትር” ቀንሷል። ሽማግሌው ለማየት ጠየቁኝና ወሰድሁላቸው። የራሳቸውን ባለ 32 ኦም ማዳመጫ ሰክተው ጎላ ሲያደርጉት ድምፁ ተሰነጠቀ፤ 4558 እንደዚያ ላለ ጭነት አቅም የለውም። በእኔው ባለ 250 ግን አንድ ሙሉ ዘፈን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ጣሳዋን አገላብጠው፦

“መብራቷስ? በርታ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?”

አላውቅም ነበር። ሁለት ሌሊት ሳላጠፋት አድራ ድንጋዮቹን ጨርሳለች። ቀይዋን መብራት ከነሬዚስተሯ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ቅዳሜ እበይዳታለሁ።