ራም ሲጨመርለት አልነሳም ያለው ዊንዶውስ 98

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈት ሥራ በሚሠራ አንድ ቤት፣ በድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተዘጋጁ ሰነዶችን ለመክፈት ሲባል ብቻ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ኮምፒውተር እስከ ዛሬ አለ። ባለቤቷ «አንተ ልጅ፣ ራም ብጨምርለት ጭራሽ ሚሞሪ አነሰኝ አለኝ እኮ!» ብለው አስጠሩኝ። ራም ወይም ሚሞሪ ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው።

እውነታቸውን ነው። ዊንዶውስ 98 ከዲስክ ያነበበውን ለጊዜው ራም ላይ የሚያቆይ «ቪካሽ» የሚባል ክፍል አለው። ቪካሽ የድርሻውን መጠን የሚወስነው የተገጠመውን ራም አይቶ ስለሆነ፣ ራሙ ከ512 ሜጋባይት ሲያልፍ ለሲስተሙ የተመደበውን የአድራሻ ቦታ (ሚሞሪን ለመጥራት የሚያገለግሉትን ቁጥሮች) ይሻማና ለሌሎቹ ክፍሎች የሚተርፍ ያሳጣል፤ ጎተራው ሰፊ ሆኖ ሳለ በሩ በጆንያ እንደ መዘጋት ማለት ነው።

ማሽኑን በዶስ፣ ማለትም ትእዛዝ በመጻፍ በሚሠራው ሥርዓት፣ አስነሥተን፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሲስተም ዶት አይኤንአይ» የተባለ ፋይል ኤዲት በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከፈትንና ቪካሽ በሚለው ርእስ ሥር «ማክስፋይልካሽ» የሚለውን፣ በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት፣ ጽፈን ከእኩል ይሆናል ምልክት ቀጥሎ 262144 አስገባን። ቁጥሩ በኪሎባይት ስለሚቆጠር 256 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱ ተነሣ።

በዚያው ፋይል «386ኢኤንኤች» በሚለው ርእስ ሥር «ማክስፊዝፔጅ» ላይ 20000 ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ቁጥሩ በአሥራ ስድስት ቤት የሚነበብ ሲሆን ሲስተሙን በ512 ሜጋባይት ይገድበዋል። እኔ ግን በገንዘብ የተገዛን ራም ሥራ ፈት ስለሚያደርግ የመጀመሪያው ካልሠራ በቀር አልመርጠውም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ድጋፍ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስላቋረጠ፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር እንዳያገናኙት ለባለቤቷ ነግሬያቸዋለሁ።