የጎደለው ክር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የድሬዳዋው ሰፈራችን ሳቢያን በሙሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል። እኔ ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ጥላ ሥር፣ የሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው ያለሁት። አሁን ሦስተኛውን ጨርቄን ቆርጬ አወረድኩት። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሽመና ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ ወጥተው ድሬ ገቡ፤ ዛሬ ሲናገሩ ከድሬ ልጅ አይለዩም። ገና ስጀምር ያማረኝ ቀለም መደባለቅ ነበር። እሳቸው ግን ወር ሙሉ ነጭ በነጭ አሠሩኝ። «አቦ ልጄ፣ መጀመሪያ ጠርዙ ቀጥ ይበልልሽ። ከዚያ እንደፈለግሽ ሁኚ» አሉኝ።

ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ማጉን፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ ወጠር አድርጌ ስስበው የጨርቁ ወገብ እየጠበበ ይገባል። ጋሼ እጄን ይዘው አሳዩኝ። ማጉ ከመመታቱ በፊት ጎበጥ ተደርጎ ነው የሚተኛው። በቁመት ከተወጠሩት የድር ክሮች አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለፈ ስለሚሄድ ከጨርቁ ስፋት የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ካልሰጠሽው ከጠርዙ ይወስዳል። ይቺን አንዲት ነገር እጄ እስኪለምዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የድሬ ደረቅ አየር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱን ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።

አሁን የምሠራው ንድፍ የሌለው ሽመና ነው። ቀድሜ አልስልም፣ ክር አልቆጥርም። ዕለቱ የሰጠኝን ማግ አስገባለሁ። አንድ ቀን የሳባ ክር፣ አንድ ቀን ጋሼ የፈተሉኝ ሳይሆን እኔው ራሴ በእንዝርት የፈተልኩት ጉጥ ጉጥ ያለ ጥጥ። ቀፊራ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭም እለቅማለሁ። ጥበብ የሚሠሩ ሸማኔዎችን ግን ከዚህ አሳንሼ አላይም። ያን ሁሉ ጥለት ወረቀት ላይ ሳይስሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ክር እየቆጠሩ ሲያወጡ አይቻለሁ፣ እሱን ለመቻል ዕድሜዬ አይበቃኝም።

ድፍረቱን የሰጠችኝ ሚሳኦ ጆ የምትባል ጃፓናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 ነው የተወለደችው። ሽመና የጀመረችው በ57 ዓመቷ ነው። የኪሞኖ መቀነት እየሠራች ሳለ አንድ ድር ጎደለባት። የሽመና ሥራ ለሚያውቅ ሰው ስታሳየው «ይሄማ እንከን አለበት» አላት። እሷ ግን መስመሩን ወደደችው። ከዚያ ሆን ብላ ድር እያጎደለች ሠራች፤ ከዚህም ሳኦሪ የሚባለው የሽመና መንገድ ተወለደ። ሰው እንደ ማሽን መሥራት የለበትም የሚል ነው ነገሩ። እስከ 104 ዓመቷ ኖራለች።

ታሪኩን ሳነብ ቶሎ ያሰብኩት አባቴን ነው። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራው እንከን መፈለግ ነበር። ጨርቁ ብርሃን ፊት እየተጎተተ ያልፋል፣ እሱ የተበጠሰ ክር ሲያይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ቤት ውስጥም ልማዱ አልለቀቀውም። አዲስ አንሶላ ሲገዛ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ይወስደዋል። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ጣቶቹ ግን አልደከሙም።

ለዚህኛው ጨርቅ ድሩን ሳዳውር ሁለት ቦታ ላይ ክር አጎደልኩ። በማግ በኩል የእማዬን ድሪያ፣ ያን ሰፊ ቀሚሷን፣ አስገባሁበት። ነፍሷን ይማረውና፣ ሳጥን ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችው፣ ከመሳሳቱ የተነሳ ጣት የሚያሳይ ብርቱካናማ ድሪያ ነበር። በመቀስ አልቆረጥኩትም፤ በእጄ ቀደድኩት። ሲቀደድ የሚወጣው ጭረት ጨርቁ ላይ እንደ ፀጉር ይቀራል፣ ያን ነው የምወደው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቅዳጅ ሲመታ ይሰበሰብና እንደ ገመድ ይሆናል። ከጎኑ ቀጭን ነጭ ማግ ስደርብበት መስመሩ ቀጥ ማለቱ ቀርቶ የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ቀን እንደሚሄደው ይወላገዳል። ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም የሠራሁት ያስብላል። ከታች በኩል የአባዬን አሮጌ ሽርጥ አስገባሁ።

ዛሬ ጨርቁን አንስቼ በረንዳ ላይ ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት። ምንም አላልኩትም። መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያደረገ አስኬደው።

«ድር ጎድሏል» አለኝ። «እዚህ ጋ። እዚህም።»

«ሆን ብዬ ነው አባዬ።»

ዝም አለ። እጁን እንደገና መለሰው።

«ሦስተኛውስ?»

ያጎደልኩት ሁለት ነው። ጨርቁን ወስጄ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረግኩት። እውነቱን ነው። ከመሃል ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ አንድ ድር የለም። ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ ሲበረታ ተበጥሶ፣ እኔ ሳላየው ቀጥያለሁ። በዚያች ስንጥቅ የብርሃን ክር ገብቶ ፊቴ ላይ አርፏል።

መልሼ ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ትንሽ ቆየና «ሽርጤን የት ነው ያደረግሽው?» አለኝ።

እጁን ይዤ ወሰድኩለት።