ጠምቷት መስሎኝ

ዛሬ ፊከሷን ቦንሳይ፣ ትንሽ ሸክላ ውስጥ ድንክ ሆና የምታድገውን የዋርካ ዘመድ ዛፌን፣ ከሸክላዋ አወጣኋት። ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት የሸሸሁት ሥራ ነው። ገና ከፍ ሳደርጋት ሽታው መጣ፤ የቆመ ውሃ ሽታ። አንዱን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ ክር የመሰለ ነገር ብቻ። ጤነኛ ሥር ጠንከር ይላል እንጂ እንዲህ አይላሽቅም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ቅጠሎቿ ሲጠወልጉ ጠምቷት መሰለኝና አጠጣኋት። በማግስቱ ደገምኩ። አፈሩን በጣቴ ነካ ባደርገው እኮ እርጥብ ነበር! ሥር ይተነፍሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ አየር ያጣና ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ዛፏ ውሃ ውስጥ ቆማ ነው በጥም የጠወለገችው። ከዚያ እነ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ፣ እርጥበት የሚመቻቸው ተሕዋስያን፣ የተረፈውን ይበላሉ። እኔ በላዩ ላይ አንድ ጆግ እጨምርላታለሁ።

ሸክላው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ቶሎ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በማንኛውም ሸክላ ግርጌ አፈሩ ይዞት የሚቀር ውሃ አለ፤ ሸክላው ባጠረ ቁጥር ያ ረግረግ ወደ ሥሩ ይቀርባል። ካጠጡ በኋላ አንዱን ጎን በእንጨት ከፍ አድርጎ ማዘንበል ብዙ ውሃ ያስወጣል። ይህንንማ አውቅ ነበር። ሰንፌ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እዚህ ግን ቅጠሉ ራሱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ጥድማ ይብሳል፤ ሥሩ ካለቀ በኋላም ሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል።

መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጠርጌ የጠቆረውን ሁሉ ደህናው እስኪታይ ድረስ ቆረጥኩ። ግማሽ ያህሉ ሄደ። አሮጌውን አፈር አጥቤ ጣልኩ፤ በምትኩ ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን፣ ዱቄቱን በወንፊት ለይቼ ሞላሁ። ዱቄቱ ካልወጣ ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። እንዳትነቃነቅም ከሸክላው ጋር በሽቦ አሰርኳት፤ ግንዱ ከተወዛወዘ አዲስ የሚወጣው ሥር ይበጠሳል። አሁን ጥላ ውስጥ ናት። አዲስ ቅጠል እስክታወጣ ማዳበሪያ የለም። የፈንገስ መድኃኒት አማረኝና ተውኩት፤ የሞተ ሥር አያስነሳም።

ግንዷን በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። ከቅርፊቱ በታች አሁንም አረንጓዴ ነው።

አፈሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ስንጥር ሰክቻለሁ። ማታ ነቅዬ ሳየው ጫፉ ጠቁሮ ረጥቧል። ጆጉን ሳልሞላ መለስኩት።