ተወልዶ ያላለቀ ኦብጀክት

የአንድ ምግብ ቤት የትእዛዝ ፕሮግራም ጠዋት ደህና ይነሳና ከተነሳ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነው «የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል» ብሎ ቀጥ ይላል። አጥፍተው ሲያበሩት ይሠራል፤ ይህም ሦስት ቀን ሙሉ ችግሩን ሸፈነው። ያን ሰሞን የባሩ ፕሪንተር ለጥገና ወጥቶ፣ የኅትመት ሰርቨሩም ቆሞ ነበር።

ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው። ከኅትመት ሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ኦብጀክት (መረጃና ሥራን አንድ ላይ የያዘ የፕሮግራም ክፍል) ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ፣ ኮንስትራክተሩ፣ መጀመሪያ የሎግ ፋይል (የሥራ መዝገብ) ይከፍትና ሲስተሙ ለፋይሉ የሰጠውን ቁጥር በተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይይዛል፤ ቀጥሎ ሰርቨሩን ይጠራል። ሰርቨሩ ካልመለሰ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል፤ ጠሪው ኮድ ይይዘውና በየ5 ሰከንዱ አዲስ ኦብጀክት ይሞክራል። ፋይሉን የሚዘጋው መስመር ዲስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈርስ የሚሠራው ኮድ) ውስጥ በወጉ ስለተጻፈ ኮዱን ያየ ሁሉ «ይኸው ይዘጋል» እያለ አለፈው።

አይዘጋም። ኮንስትራክተሩ ሳይጨርስ ኤክሴፕሽን ከወጣ ኦብጀክቱ እንደተፈጠረ አይቆጠርም፤ ዲስትራክተሩም አይጠራም። የሚፈርሱት ተፈጥረው ያለቁት አባላት (በውስጡ ያሉ ክፍሎች) እና ቤዝ ክላሶች (ክላሱ፣ ማለትም የኦብጀክቱ ንድፍ፣ የተመሠረተባቸው) ብቻ ናቸው፣ ከኋላ ወደ ፊት። ኢንቲጀር ደግሞ ሲፈርስ ምንም አይዘጋም። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ገደብ ለአንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም) 1024 ክፍት ፋይል ነው፤ ሦስቱ መደበኛዎቹ (ግቤት፣ ውጤትና ስህተት) ሲነሱ 1021 ይቀራል። በ5 ሰከንድ ሲባዛ 85 ደቂቃ!

ሜሞሪው ሲፈተሽ ንጹሕ መሆኑ ይበልጥ አሳሳተ። ኮንስትራክተር ሲከሽፍ ለኦብጀክቱ የተያዘውን ሜሞሪ ቋንቋው ራሱ ይመልሳል፤ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊው ቫልግራይንድም የፋይል ክትትሉ ካልተበራለት ስለ ፋይል አይናገርም። ነገሩን ያወጣው የፕሮሰሱን ክፍት ፋይሎች መቁጠር ነው፦ በየደቂቃው 12 ይጨምራል።

መፍትሔው የፋይሉን ቁጥር ብቻ የሚይዝ ትንሽ ክላስ ሠርቶ አባል ማድረግ ነው። የእሱ ኮንስትራክተር ስላለቀ ዲስትራክተሩ ይጠራል። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ኮፒን መከልከል ነው። ሁለት ቅጂዎች አንድ ቁጥር ሁለቴ ይዘጋሉ፤ ሊኑክስ ለአዲስ ፋይል ትንሹን ነፃ ቁጥር ስለሚሰጥ ሁለተኛው መዝጋት የሌላውን ፋይል ሊዘጋ ይችላል። ያ ስህተት ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ገደብ ላይ ደርሶ ራሱን አያሳይማ። አባላቱ የሚፈጠሩትም ክላሱ ውስጥ በተዘረዘሩበት ተራ ስለሆነ ሎጉ ከግንኙነቱ በላይ ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ፈተናው ማንም በማይሰማበት ፖርት (የኔትወርክ በር) ላይ ኦብጀክቱን 2000 ጊዜ ለመፍጠር ይሞክራል፤ በፊትና በኋላ የክፍት ፋይሎቹ ብዛት እኩል ካልሆነ ኮዱ አይለቀቅም።