ወርቁ ይሞቃል፤ ጥያቄው የት ይደርሳል ነው

ካንሰርን በሙቀት መግደል አዲስ ሐሳብ አይደለም። የሰው ሕዋስ ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል፤ 50ን ሲያልፍ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ስለሚያጡ በአጭር ጊዜ ይሞታል። ችግሩ ሙቀት ጤነኛውን ሕዋስም የማይምር መሆኑ ነው።

በቴክሳስ፣ ሂዩስተን፣ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ናኦሚ ሃላስ እና ጄኒፈር ዌስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ፣ በስስ የወርቅ ሽፋን የተለበጠ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ቅንጣት ነበር። በወርቁ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲያርፍባቸው አብረውት ይወዛወዛሉ፤ የተቀበሉትንም ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ቅንጣቱ የትኛውን ብርሃን አብልጦ እንደሚውጥ የሚወስነው የውስጠኛው እምብርትና የሽፋኑ ውፍረት ንጽጽር በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ደምና ውኃ እምብዛም የማይውጡትን፣ ዓይናችን ከሚያየው ቀይ ብርሃን አለፍ ብሎ የሚገኘውን ጨረር መርጠው ቅንጣቱን ለዚያ መሥራት ችለዋል። ከመላው ሐሳብ እኔን በጣም የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ጨረሩን የሚልከው ሌዘርም ሆነ ወርቁ ለየብቻቸው ብዙም ጉዳት ሳያደርሱ፣ በተገናኙበት ቦታ ብቻ ያቃጥላሉ።

ግብፅ የተወለዱት ኬሚስት ሙስጠፋ ኤል ሰይድም በአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በዘንግ ቅርጽ በተሠሩ የወርቅ ቅንጣቶች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው፣ በሽታቸው ግን ከፕሮስቴት ያልወጣ 16 ወንዶች በወርቅ የተለበጡትን የሲሊካ ቅንጣቶች በደም ሥር ከወሰዱ በኋላ፣ ሐኪሞች በምስል እየተመሩ የሌዘር ጨረር የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር የካንሰሩ ዕጢ ውስጥ አስገቡ፤ ሕክምናው በ15ቱ ላይ በተሳካ ሁኔታ ተከናወነ። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የሚፈራው በአብዛኛው ሽንት የመቆጣጠርንና የወሲብ አቅምን ስለሚጎዳ ነው፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ ግን በሁለቱም ረገድ ጉልህ ለውጥ አልታየም። የታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ይህን ውጤት ቀላል አድርጌ አላየውም።

የዜና ርእሶች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ግን አንድ ሌላ ቁጥር አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው የዋረን ቻን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያለፉትን አሥር ዓመታት ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ በእንስሳት ደም ውስጥ ከተሰጡት ልዩ ልዩ ዓይነት ደቃቅ ቅንጣቶች ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ዋጋ (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ቁጥር) 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አገኘ። የዕጢ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ክፍተት ስላለበት ቅንጣቶች በዚያ ሾልከው ይጠራቀማሉ የሚለው ተስፋ ሐሰት ባይሆንም፣ ጉበትና ጣፊያ አብዛኛውን ቀድመው ይይዙታል። ብርሃኑም ቢሆን በአካል ውስጥ ርቆ አይሄድም፤ ክሩ እስከ ዕጢው ድረስ መግባት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በመላ ሰውነት ለተበተነ ካንሰር ደግሞ እያንዳንዱን ቦታ በሌዘር ማሳደድ አይቻልም።

ኩላሊት ማጣራት የሚችለው ከ6 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሚያንሱ ቅንጣቶችን ነው፤ በሙከራው ያገለገሉት ግን ወደ 150 ናኖሜትር ይጠጋሉ። ወርቅ በሰውነት ውስጥ በቀላሉ ስለማይፈርስ በጉበት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ እኔ ይህን ሕክምና የምመዝነው ታካሚዎቹ ከዓመታት በኋላ በሚያደርጉት የጉበት ምርመራ ጭምር ነው።