ከዓባይ ማዶ እስከ አዌቱ ዳር

የጅማ መንገድ ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። አየሩ ወዲያው ይሞቃል። ጊቤ ላይ ያለው ድልድይ ማማም ኬብልም የለውም፤ ተሳፋሪው ሳያየው ያልፈዋል። የጅማ ቡና ግን መሃል አገር የሚገባው በእሱ ላይ ነው። እኔ ድልድይ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጅማ የተቀበለኝ ወዳጄ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። የባሕር ዳር ልጅ መሆኔን ስለሚያውቅ ገና ቡናው ሳይፈላ "እስቲ አዲሱን የዓባይ ድልድይ አውራኝ" አለ።

አወራሁት። ግንቦት 2016 ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በየአቅጣጫው ሦስት መኪና ጎን ለጎን ይሄድበታል። ከሁሉም የምወደው ግራና ቀኙን ለእግረኛና ለብስክሌት መተዉን ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። በአሮጌው ድልድይ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እሱ የያዘው ሌላ ነገር ነበር። "ኬብሎቹን የያዙት ማማዎች ለምን አጠሩ?" አለኝ። ከዚያ ራሱ ቀጠለ። በተለመደው የኬብል ድልድይ ማማው ረጅም ነው፤ ኬብሎቹ ወለሉን አንጠልጥለው ይይዙታል። በባሕር ዳሩ ግን ወለሉ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ብዙውን ክብደት ይሸከማል። ኬብሎቹ ከአጭር ማማ ዘንበል ብለው ስለሚወጡ ወለሉን ከማንሳት ባሻገር በቁመቱ ጨምቀው ይይዙታል። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል። ተጨምቆ ከተያዘ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ርቀት ሊሰፋ ይችላል፤ ውሃ ውስጥ የሚተከለው ምሰሶም ይቀንሳል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 መጨረሻ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይም የዚሁ ዓይነት ነው፤ 303 ሜትር ይረዝማል።

እንዲህ ያለውን ድልድይ ብዙ ጊዜ ከምሰሶው ተነስተው በሁለቱም በኩል እኩል እኩል እየጨመሩ ነው የሚሠሩት። ወዳጄ ተነስቶ አሳየኝ። በአንድ እጅህ ብቻ ሙሉ ጀሪካን ብትይዝ ትዘማለህ፤ በሁለቱም ከያዝክ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ።

በማግስቱ በእግራችን አዌቱ ወንዝ ወረድን። አዌቱ የጅማን መሃል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከዓባይ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የቆምንበት ድልድይ ግን ሥራ ይበዛበታል። ባጃጅ፣ ተማሪ፣ ተሸካሚ አንድ ላይ ነው የሚያልፈው። አንዲት እናት ጎመን በዘንቢል ይዘው ሲሻገሩ ባጃጅ መጣ። ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ በጀርባቸው ብረቱን ተደግፈው አሳለፉት።

"እማማ፣ ይጠባል አይደል?" አልኳቸው።

"ምን ይደረግ ልጄ፣ ለምደነዋል" አሉኝ።

ለአዌቱ ኬብልም ማማም አያስፈልገውም። ከባሕር ዳሩ ድልድይ አንድ ነገር ይውሰድ ብባል የእግረኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ዘንቢል የያዙ ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ስፋት።