«ሆዴ» ልል ብዬ «ተራራዬ» ያልኩ ዕለት

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት አጠገብ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሰፈራችን በዕጣ ከየቦታው የተሰባሰበ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥር ውስጥ የወሎ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞና የትግራይ ሰርግ ሊያጋጥም ይችላል። ዘፈን የጀመርኩት እዚያ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። የሰርግ ባንድ ድምፃዊት «ይህን አልችልም» ካለች በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ትጠራለች። ስለዚህ ሁሉንም ያዝኩ፤ የማላውቀውን ቋንቋ ደግሞ ከስልክ እየሰማሁ በፊደላችን ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ገላን አካባቢ አንድ የመልስ ፕሮግራም ላይ በኦሮምኛ ዘፈንኩ። ሰው ተነሳ፣ ተጨፈረ፣ ግንባሬ ላይ ብር ተለጠፈ። ሲያበቃ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝና «ልጄ፣ ድምፅሽ ማር ነው። ግን ሆዴ ልትይ ፈልገሽ ተራራዬ አልሽ» አሉኝ። «ገራ» ሆድ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ከተሳበ «ጋራ» ይሆናል፣ እኛም በአማርኛ ጋራ የምንለው። እኔ ዜማው እዚያ ጋ ስለሚረዝም ሳብኩት። የፍቅር ስንኝ በሙሉ ኮረብታ ላይ ወጣ። እማማ አልሳቁብኝም፤ እስክይዘው ድረስ ደጋግመው አሉልኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለገብ ነኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩት ድምፅ በማስመሰል ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲዘፍን ቃሉ አፉ ውስጥ የማይሰበረው ወሊሶ ስላደገ ነው፤ ከሰው ጋር ኖሮበታል። አስናቀች ወርቁም ድምፃዊት፣ ክራር ደርዳሪና የመድረክ ተዋናይ የሆነችው እያንዳንዱን ለብቻው ሠርታበት እንጂ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ አልመጣላትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባለቤቱ ሳይሰማልኝ የትኛውንም ዘፈን ድንኳን ይዤ አልገባም።

ይህ ጉዳይ ወደ አማርኛው መለሰኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ ሰሚ ግን ዜማው ቃሉን ከጫነው ወይም ካላላው ሌላ ነገር ይሰማል። የራሴን ግጥም ስጽፍ መጀመሪያ ያለ ዜማ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ዜማው የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ እስኪሄድ ድረስ እለዋውጠዋለሁ። አንዳንዴ አንድ ቃል ሳምንት ይወስዳል።

መጻፍ የጀመርኩት በዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን የእኛ ሰርግ የለም፣ ገቢም የለም። በዚያ ጊዜ ክራር ተማርኩ፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በጆሮዬ መቃኘት ስችል ግጥሜ የሚፈልገውን ቅኝት ራሱ ይነግረኝ ጀመር። አራቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ ግን የአንዱን ኀዘን ለሌላው ማበደር አይቻልም። በወል ቤት፣ ማለትም በየግማሽ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠርኩ፣ ከበረንዳዬ የሚታየውን ጻፍኩ፦

የመንገዱ መብራት ደጄ ድረስ መጣ፣
ሰው ሁሉ ሲያልፍበት ያንተን ጥላ አጣ።

በትዝታ ዘፈንኩት፤ ከበደኝ። በባቲ ስሞክረው መንገድ እንደሚሄድ ሰው ቀለል አለ። በዚያው ቀረ።

ያልተማርኩት አንድ ነገር ግን ብዙ አስከፈለኝ። ግጥምና ዜማ ለአንድ ድምፃዊ በቃል ስምምነት ሰጠሁ። ነጠላ ዜማው ሲወጣ የደራሲው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ነበር። ልጅ ሳለሁ የካሴት ሽፋን ገልብጬ የይልማ ገብረአብንና የአበበ መለሰን ስም እየፈለግኩ ነበር የማነበው፤ ስም ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ለወራት ክራሬን አልነካሁም። በኋላ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም 50 ዓመት ድረስ ሥራው የተጠበቀ ነው፤ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው ደግሞ በጽሑፍ ነው። አሁን ዘፈን ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ስሜ፣ ቀኑና የተሰጠው መብት ተጽፎ በሁለት ምስክር ይፈረማል። የሚያኮርፍ አለ፤ ያኩርፍ። ለጀማሪዎች የምለምነው ይህን ነው፦ ከስቱዲዮው ደጅ በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

ዘንድሮ የመጀመሪያዬን ነጠላ ዜማ በራሴ ስም ልቀርፅ ነው፤ አቀናባሪው ከፋሲካ ማግስት ቀጥሮኛል። ሦስተኛው ስንኝ ውስጥ አንድ የኦሮምኛ ሐረግ አለ፤ «ገራ ኮ» ይላል። ቅዳሜ ገላን ሄጄ ለእማማ አሰማቸዋለሁ።